ከከፈን በፊት የምናዋጣው ብር



ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል። ግን ዛሬ ማታ ቤታችሁ ከሰል የሚገባ ከሆነ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስልኬ ጠራ። ከመስጂዳችን ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች በር ቢንኳኳ አይከፍቱም ተባለ። ስንደርስ ጎረቤት በሩን ሰብሮታል። ሁለቱም ፍራሻቸው ላይ እንደተኙ ናቸው። ማንደጃው ከእግራቸው ሥር ነው፤ ከሰሉ አመድ ሆኗል። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ስላደረ መስኮቷን በላስቲክና በጨርቅ ወትፈዋታል። መብራትም ጠፍቶ ነው ያደረው።

ጀናዛቸውን ካጠቡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከንፈራቸውና መዳፋቸው ቀላ ብሎ ነበር። አብሮን ያጥብ የነበረ ወንድም «ማሻአላህ፣ እንዴት እንዳማረባቸው አያችሁ?» አለ። እኔም በልቤ መልካም ምልክት ነው ብዬ ተጽናናሁ። ከቀናት በኋላ ግን ከጀመዓችን አንድ የጤና ባለሙያ ለብቻዬ ጠርቶ «ኡስታዝ፣ ያ ቅላት የመርዙ ምልክት ነው» አለኝ። የከሰሉ ጋዝ ደም ውስጥ ሲገባ ደሙን ደማቅ ቀይ ያደርገዋል።

መልካም መጨረሻ የሚሰጠው አላህ ነው፤ በራሕመቱ ይቀበላቸው። እኔ ግን የመርዝን ቀለም አይቼ ውበት ነው ብዬ ነበር። ያ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ጀናዛ ያጠበ ሰው ያየውን መሸፈን እንዳለበት አውቃለሁ። ስለዚህ ከመጻፌ በፊት እናታቸው ዘንድ ሄጄ አስፈቀድኩ። «ጻፈው ልጄ፤ ሌላ እናት እንዳታለቅስ» አሉኝ። ስማቸውንና ሰፈራቸውን ግን አልጽፍም።

«አጀላቸው ነው» ብቻ አይበቃም

ለተዕዚያ የመጣው ሁሉ «አጀላቸው ደርሶ ነው» ይል ነበር። እውነት ነው፤ ማንም ከአጀሉ አያልፍም። ግን ይህ ቃል ሐዘንተኛን ማጽናኛ ነው እንጂ እኛ በሕይወት ያለነው ስንፍናችንን የምንደብቅበት መጋረጃ አይደለም።

በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ መቃጠሉ ለረሱል (ሶ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው፣ እሳት ጠላታችን መሆኑን ነግረው ስንተኛ እንድናጠፋው ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በሉ! ነገሩን በቀደር ብቻ አላለፉትም። ለሚቀጥለው ሌሊት የሚሆን ትእዛዝ ሰጡ። ሰበቡን ማድረስ ማለት ይህ ነው። ያ ትእዛዝ ለኛ የከሰል ማንደጃም ነው።

አፍንጫ የማይደርስበት ጠላት

ብዙዎቻችን «ጭሱ ወጥቶ ካለቀ፣ ከሰሉ ደህና አድርጎ ከቀላ ችግር የለውም» እየተባልን ነው ያደግነው። ሰው ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥለዋል፣ ቡናውን ያፈላበታል፣ ከዚያ የቀረውን ፍም ለሙቀት ብሎ ወደ መኝታ ያስገባዋል። ጭስ ስለማያይ ልቡ ያርፋል።

ገዳዩ ግን ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ከሰል በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ይፈጠራል። ያ የሚያምር ቀይ ፍም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ጋዝ ሲያወጣ ያድራል።

ወደ ሳንባ ሲገባ ምን ያደርጋል? በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከም ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚህ ነገር ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይጣበቃል። ወንበሩን ሁሉ ይዘው አንወርድም ያሉ ተሳፋሪዎች የሞሉበትን ታክሲ አስቡት። ታክሲው ይመላለሳል፤ ፌርማታው ላይ የቆመውን ሰው ግን አያነሳም። ደሙም እንደዚያው ይዞራል፤ ለአንጎልና ለልብ የሚያደርሰው ኦክስጅን ግን የለም። ሰውየው ንጹሕ አየር ላይ ቢወጣ እንኳ በደሙ ያለው መርዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሐኪም ቤት ኦክስጅን የሚሰጠው ይህን ለማፋጠን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጣት ላይ የምትደረገው ተራ የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጋዝ ትታለላለች። ደሙ በመርዝ ተይዞ እያለ ጥሩ ቁጥር ልታሳይ ትችላለች። ስለዚህ ሰው ይዛችሁ ጤና ተቋም ከደረሳችሁ መጀመሪያ የምትናገሩት ቃል «ክፍሉ ውስጥ ከሰል ነበር» የሚለው ይሁን።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። ሰው ጉንፋን መስሎት ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከወፍ ወደ ሴንሰር

ይህን የማይታይ ነገር የሰው ልጅ ለማየት ብዙ ደክሟል። በ1890ዎቹ ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጆን ስኮት ሃልዴን የማዕድን ሠራተኞች ወደ ጉድጓድ ሲገቡ ትንንሽ እንስሳት ይዘው እንዲገቡ ሐሳብ አቀረበ። ካናሪ የምትባለዋ ትንሽ ወፍ የተለመደችው ከዚያ ወዲህ ነው። ቶሎ ቶሎ ስለምትተነፍስ መርዙ ከሰው ቀድሞ ይጥላታል። እሷ ስትወድቅ ሰዎቹ ይሮጣሉ። ብሪታንያ ወፎቹን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተካችው 1986 ላይ ነው።

በ1962 ጃፓን ውስጥ ተመራማሪው ቴትሱሮ ሴይያማ የጋለ የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ንጣፍ ጋዝ ሲነካው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ባሕሪው እንደሚለወጥ አሳየ። በዚያው ዓመት ናኦዮሺ ታጉቺ የሚባል ሌላ ጃፓናዊ በቲን ኦክሳይድ ለተሠራ የጋዝ ሴንሰር የፈጠራ መብት ጠየቀ። በዚያን ጊዜ የጃፓንን ቤቶች የሚያስቸግራቸው የማብሰያ ጋዝ ፍንዳታ ነበር። ሴንሰሩ ከ1968 ጀምሮ በብዛት ተመረተ። ዛሬ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የምናገኛቸው ርካሽ የጋዝ ሴንሰሮች የዚያ ልጆች ናቸው።

አሠራሩ ለመረዳት ከባድ አይደለም። የቲን ኦክሳይድ ቅንጣቶች በትንሽ ማሞቂያ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ይግላሉ። ከአየር የመጣ ኦክስጅን ላያቸው ላይ ይለጠፍና ኤሌክትሮናቸውን ይይዛል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ በቅንጣቶቹ መካከል ለማለፍ ይቸገራል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲመጣ የተለጠፈውን ኦክስጅን ነጥቆ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል፤ ኤሌክትሮኑም ወደ ቅንጣቱ ይመለሳል። መንገዱ ይከፈታል፣ ኤሌክትሪኩ ይፈሳል፣ መሣሪያውም ይህን ለውጥ አንብቦ ይጮኻል።

«ናኖ» የሚለው ቃል የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ሙሉ የቡና ፍሬ ጀበና ውስጥ ብትጨምሩ ቡና አይወጣላችሁም። ስትወቅጡት ግን ያው ፍሬ ውሃው የሚነካው ገጹ በጣም ይበዛል። ሴንሰርም እንዲሁ ነው፤ ጋዙ የሚነካው ገጹን ብቻ ስለሆነ ቅንጣቱ በደቀቀ ቁጥር ይሻላል። ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ይጠጋል። በ1991 የጃፓኑ ኖቦሩ ያማዞኤና ባልደረቦቹ የቲን ኦክሳይድ ቅንጣቶች ወደ 6 ናኖሜትር ሲወርዱ ጋዝን የመለየት አቅማቸው በጣም እንደሚጨምር አሳዩ።

ከዚያ በ2000 በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሆንግጂ ዳይ ቡድን ከካርቦን በተሠራች የናኖ ቱቦ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድንና አሞኒያን ያለ ምንም ማሞቂያ፣ በተራ የክፍል ሙቀት ለየ። በ2007 ደግሞ የማንቸስተር ተመራማሪዎች ግራፊን በሚባለው አንድ አተም ውፍረት ባለው የካርቦን ንጣፍ አንዲት ነጠላ የጋዝ ሞለኪውል ስታርፍና ስትነሳ ለዩ። ሱብሓነላህ! የኛ ማንደጃ ውስጥ ያለው ከሰልም፣ ያ ቱቦም፣ ያ ንጣፍም በዋናነት አንድ ንጥረ ነገር ናቸው። አንዱ ይገድላል፤ ሌላው የሚገድለውን ይጠቁማል።

ነገሩን ግን አላጋንነውም። ንጹሑ የካርቦን ቱቦ ለካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻውን ደካማ ነው፤ ሌላ ቁስ ሊጨመርበት ያስፈልጋል። ዛሬ በቤት ውስጥ የሚሰቀሉት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በኤሌክትሮኬሚካል ሴል ነው። ስለዚህ ዕቃው ላይ «ናኖ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ብራችሁን እንዳታወጡ።

መብራት ሲጠፋ የሚተኛ ዘበኛ

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። የጋለው ሴንሰር ማሞቂያ አለው። ማሞቂያው መብራት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ከሰል ወደ ቤት የምናስገባው መቼ ነው? መብራት ሲጠፋ! እነዚያ ወንድማማቾች የሞቱትም መብራት በጠፋበት ሌሊት ነው። ሶኬት ላይ ብቻ የሚሠራ ዘበኛ ሌባው በሚመጣበት ሰዓት የሚተኛ ዘበኛ ነው።

በዚህ ላይ ቤታችን ሌላ ነው። ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ክረምት ላይ ግድግዳው ይረጥባል። ርካሹ የቲን ኦክሳይድ ሴንሰር ደግሞ ጋዞችን አጥርቶ አይለይም፤ የአልኮል ትነትም ያስጮኸዋል፣ እርጥበትም ያዛባዋል። ያለ ምክንያት አሥር ጊዜ የጮኸን መሣሪያ ሰው በአሥራ አንደኛው ነቅሎ ይጥለዋል። ያኔ መሣሪያው ባይኖር ይሻል ነበር።

ለዚህ ነው ያለ ማሞቂያ፣ በትንሽ ባትሪ የሚሠራው የናኖ ሴንሰር ምርምር ከኛ ቤት የራቀ ቅንጦት ነው የማልለው። ከማንም በላይ የሚያስፈልገው በአንዲት ክፍል ውስጥ አብስሎ፣ ሞቆ፣ እዚያው የሚተኛው ሰው ነው። መሣሪያው ግን እስካሁን ለዚህ ሰው ቤት ታስቦ አልተሠራም።

ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና የምትማሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ስትፈልጉ ይህን አስቡት። በዕጣን ጭስ የማይታለል፣ የክረምት እርጥበት የማይረብሸው፣ መብራት ሲጠፋ የማይተኛ ሴንሰር። በኒያ ከሠራችሁት እውቀታችሁ ዒባዳ ነው።

ልጆቹ ያሳዩን

ከጀናዛው በኋላ ኤሌክትሮኒክስ የሚሞካክሩ ሁለት የመስጂዳችን ወጣቶች «ኡስታዝ፣ እኛ እንሠራዋለን» ብለው ኤም ኪው 7 የሚባለውን ሴንሰር ገዝተው ገጣጠሙ። ሠራላቸው! ግን አንዱ ሽቶ ሲቀባ ጮኸ። ሳቅን። ቀጥለን ግን አንድ ቁም ነገር ተስማማን፤ በእጅ የተገጣጠመ መሣሪያ ለመማሪያ ነው እንጂ የሰው እንቅልፍ አማና አይሰጠውም። ለመኝታ ቤት የሚሆነው ተፈትሾ የተመሰከረለት ማንቂያ ነው።

ከውጭ የመጣ አንድ ወንድም እንዲህ ያለ ማንቂያ ሰጠን። አንድ ቅዳሜ ደህና አድርጎ የቀላ፣ ቅንጣት ጭስ የሌለው ከሰል ባዶ ክፍል ውስጥ አስገብተን፣ ማንቂያውን አጠገቡ አስቀምጠን በሩን ዘጋን። እኛ ደጅ ሆነን በመስታወት እናያለን። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። ለዓመታት በቃል የነገርናቸውን ያን ቀን በዓይናቸው አዩት።

ስለ ቁጥሩም ትንሽ ልንገራችሁ። ከሚሊዮን የአየር እጅ ስንቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሆነ ያሳያል። በአሜሪካ መመዘኛ መሠረት ማንቂያው ቁጥሩ 70 ላይ ከቆየ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ 150 ላይ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ 400 ላይ ደግሞ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ መጮኽ አለበት። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመምተኛ ግን ከዚያ ባነሰም ይጎዳሉ። በተለይ አራስ ቤት! በሩ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ ከሰልና ዕጣን አብሮ የሚገባበት ክፍል ነው። እናቶቻችን ለፍቅር ብለው የሚያደርጉት መሆኑን አውቃለሁ፤ ቀስ ብላችሁ፣ በአክብሮት ንገሯቸው።

ሐጂ ያሉኝ ነገር

ማንቂያ እንግዛ ብዬ በጀመዓው መካከል ስናገር አንድ የማከብራቸው ሐጂ «ልጄ፣ ለዳቦ የሚቸገር ተከራይ ማንቂያ ይግዛ ትላለህ?» አሉኝ። በቦታው መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነው።

አሳቤን ያስተካከሉልኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ጥበቃ ብር አይጠይቅም። ከሰል ከመኝታ በፊት ደጅ ይውጣ፤ በቃ። ማንቂያ ሁለተኛ ዘበኛ ነው። ማንቂያ ስላለ ከሰል ይዞ የሚተኛ ሰው፣ ዘበኛ ቀጥሬያለሁ ብሎ በሩን ከፍቶ እንደሚተኛ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥበቃ ደግሞ የአንድ ተከራይ ዕዳ መሆን የለበትም። ሰው ሲሞት ለከፈን፣ ለቀብር፣ ለሐዘንተኛ ቤት ምግብ ብር ለማዋጣት አንድ ሰዓት አይፈጅብንም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ይህ የኛ ጌጥ ነው። ታዲያ ያንኑ እጅ ክረምት ሳይገባ ብንዘረጋውስ? አንድ ጀመዓ ወይም አንድ እድር በዓመት ጥቂት ማንቂያ ገዝቶ፣ ሕፃንና አራስ ካለበት ቤት ቢጀምር? ከሳዑዲ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመዳችን «ሽቶና ስልክ አምጣልኝ» ከማለት «ለሰፈራችን ሁለት ማንቂያ ያዝልን» ብንለው?

ለምትገዙ ሰዎች አራት ነገር፦

1. የጭስ ማንቂያና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አንድ አይደሉም። የማብሰያ ጋዝ ጠቋሚም ሌላ ነው። ዕቃው ላይ «ካርቦን ሞኖክሳይድ» መባሉን አረጋግጡ።

2. በባትሪ የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋም የማይጠፋ ይሁን።

3. ሴንሰር ያረጃል። የማብቂያ ዘመኑን ከጀርባው አንብቡ፤ በየጊዜውም የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫኑ።

4. ከጮኸ አትከራከሩት። ሁሉንም ሰው ይዛችሁ ውጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ራሱን ያመመው ሰው ካለ ወደ ሕክምና አድርሱ። ከሰሉን ላወጣ ብላችሁ ጋዝ ወደሞላበት ክፍል ተመልሳችሁ አትግቡ።

ያቺን ክፍል አሁን ሌላ ሰው ተከራይቷታል። ባለፈው ለሥራ አዲስ የመጣ ወጣት መሆኑን ሰምቼ ከዒሻ በኋላ ሄጄ አንኳኳሁ። ቡና እያፈላ ነበር። ተጨዋወትን፣ የሆነውን ነገርኩት። ሲጨርስ ምንም ሳይናገር ማንደጃውን በሁለት እጁ አንስቶ ደጅ አወጣው። እኔም መስኮቷን ከፈትኳት።

ዛሬ ማታ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከተከራዮቻችሁና ከጎረቤቶቻችሁ ጋርም ተነጋገሩ፤ ሙስሊም ክርስቲያን አትበሉ፣ ጋዙ አይመርጥም። ጽሑፉን ፌስቡክ ለማያውቁ እናቶችና አባቶች አንብቡላቸው፣ ለሌሎችም ሼር አድርጉት።

አላህ ሁለቱን ወንድሞቻችንን በጀነት ያኑራቸው፣ ለእናታቸው ሶብር ይስጥልን፣ ቤታችንን ከሚታየውም ከማይታየውም መቅሰፍት ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።